ሰሙ ምን አጠፋ?

ስቴንሞ፣ ኤስተርዳል፣ ኖርዌይ
ጃንዋሪ 12 ቀን 1986

ለውድ አጎቴ ለሃልግሪም፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሰህ። ጉልበትህ እንዴት ነው? የስፔን ፀሐይ ያንን የመገጣጠሚያ ሕመም አባረረችልህ ወይስ እሷም እንደ እኛ አገር ሐኪሞች "እስቲ እናያለን" ብቻ ነው የምትልህ? እኛ ሁላችንም አለን፤ አይከፋም። አርቬ ወገቡን ያመዋል፤ ባለቤቴ ወገቡን ያላመመው ክረምት ግን እኔም አላስታውስም። ላሞቹ ደኅና ናቸው። በረዶው እስከ መስኮቱ ደፍ ድረስ ደርሷል፣ ትናንት ከዜሮ በታች አሥራ አራት ነበር። ይህን የምጽፍልህ ላስቀናህ ብዬ ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። በረዶ ላይ የምሄድበት ስኪዬ ከዳኝ። ያ ከአራት ዓመት በፊት ሱቅ ድረስ አብረኸኝ ሄደህ፣ ሻጩን ግማሽ ቀን አድርቀህ የመረጥክልኝ ስኪ፣ ዳገት ላይ ወደኋላ ያንሸራትተኛል። አንድ እርምጃ ወደፊት፣ አንድ ተኩል ወደኋላ። ሐሙስ ሐሙስ ከሴቶቹ ጋር ተራራው ላይ ወዳለው ጎጆ እንደምንወጣ ታውቃለህ። ባለፈው ከወንዙ ማዶ ያለችው ጎረቤቴ ሞልፍሪድ ከኋላዬ ሆና፣ "ቦርግኒ፣ ድስት ጥደሽ ነው እንዴ የመጣሽው? ምነው ወደ ቤት ወደ ቤት አለሽ!" ብላ ጮኸች። ሁሉም ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። ግን አንተ ታውቃለህ፤ በዚህ ሸለቆ ሰው ቢዋሽም ቢሰክርም ይቅር ይባላል። ስኪውን ሰም መቀባት ያቃተውን ግን ቀብሩ ላይ ያነሱበታል። እኔ ደግሞ አባቴ ያስተማረኝ፣ አንተ ያረምከኝ ሰው ነኝ።

እንደ ሁልጊዜው ለእንዲህ ያለው ብርድ የሚሆነውን፣ ዳገት ላይ በረዶውን የሚነክሰውን ሰማያዊ ሰም ነው የምቀባው። ምን እንደጎደለኝ ንገረኝ።

ዘንድሮ እናቴ የሞተችበትን ዕድሜ ያዝኩ፣ አምሳ ዘጠኝ። እንዲሁ ትዝ ብሎኝ ነው።

ስልክ እንዳትደውል። አንተ አትሰማም፣ እኔ እጮኻለሁ፣ አርቬ ደግሞ የተጣላን ይመስለዋል። ዕድሜና ጤና ይስጥህ።

ቦርግኒ


አልፋዝ፣ ስፔን
ጃንዋሪ 24 ቀን 1986

ወደኋላ ለምትሄደው ለኔዋ ቦርግኒ፣

ሰላምታዬ ተራራ ተሻግሮ ይድረስሽ፤ ለአርቬም ለወገቡም። ደብዳቤሽን በሸሚዝ ብቻ ብርቱካን ዛፍ ሥር ተቀምጬ አነበብኩት። ከዜሮ በታች አሥራ አራት ስትዪ አፌ ምራቅ ሞላ። እዚህ ያለነው የኖርዌይ ጡረተኞች ጠዋት ጠዋት ተሰብስበን የምናወራው ስለ በረዶ ነው። ስፔኖቹ ያበድን ይመስላቸዋል፤ አልተሳሳቱም።

አሁን ስሚኝ። መጀመሪያ አሮጌውን ሰም አንሺ፣ ሁሉንም። አውቅሻለሁ፣ አንቺ በላዩ ላይ ነው የምትደርቢው፤ አባትሽም እንደዚያው ነበር። ሰው ቤቱን ሳይጠርግ ምንጣፍ አያነጥፍም። በመፋቂያው ፋቂው፣ የቀረውን በማጽጃው ፈሳሽ በጨርቅ ጥረጊው፤ መስኮት ክፈቺ፣ ሽታው ራስ ያዞራል። ከዚያ የመሠረቱን ሰም ከእግርሽ ሥር ብቻ፣ ከተረከዝሽ ተነስተሽ ወደፊት ሦስት ስንዝር ያህል ቀቢና በካውያ አቅልጪው። ካውያው ከጨሰ በዝቷል። ስኪ እየሠራሽ ነው እንጂ ዓሣ እየጠበስሽ አይደለም። ሲቀዘቅዝ ሰማያዊውን በስሱ ቀብተሽ በቡሽ እሺው፣ ደግመሽ ቀቢ፣ ደግመሽ እሺ። አርቬ ቅቤ ዳቦ ላይ እንደሚለድፈው እንዳትለድፊው! ሲያልቅ ደጅ አቁመሽ አቀዝቅዢው፤ ሞቆ ከወጣ በረዶ ይጣበቅበታል።

ይህን ካደረግሽ በኋላ ጻፊልኝ፦ ስንት ዲግሪ ነበር፣ በረዶውስ አዲስ ነው አሮጌ? ደግሞ ያ ቡናማ አይብ ካለ ቁራጭ ላኪልኝ። እዚህ አይብ ብለው የሚሸጡልኝ ነጭ ነገር ከሳሙና አይለይም።

እናትሽን ስላነሳሻት ቀኑን ሙሉ ጉንቮርን ሳስብ ዋልኩ። ያ የሆድ በሽታ ቀስ በቀስ እያከሳ ሲወስዳት፣ እስከ መጨረሻው "አይከፋም" እንዳለች ነው የሄደችው። የኛ ሰው ነገር። አንቺ ደኅና ነሽ አይደል?

አምላክ ከዳገትም ከቁልቁለትም ይጠብቅሽ።

ሃልግሪም


ስቴንሞ፣ ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1986

ለመምህሬና ለአጎቴ፣

እንደምን ሰነበትክ? አይቡን በሌላ ጥቅል ልኬልሃለሁ፤ ጉምሩክ ከፍቶ ካሸተተው ጥፋቱ የራሱ ነው።

ያልከውን ሁሉ አደረግሁ። ምድር ቤት ሁለት በርሜል አቁሜ ስኪውን ጋደም አደረግሁበትና ፋቅሁ። ከሥሩ የወጣው ሰም ብዛት! የአራቱም ክረምት ሰም ሳይኖርበት አይቀርም። መስኮቱን እንዳልከው ከፍቼ ነበር፤ አርቬ "ቤቱን ልታቀዘቅዢው ነው!" እያለ ደጋግሞ ዘጋብኝ። የኔ ካውያ ስለተበላሸ የሸሚዙን ካውያ ወሰድኩ። እሁድ ያንኑ ነጭ ሸሚዙን ተኩሼለት ቤተ ክርስቲያን ሄደ። መዝሙሩ መሐል ሞልፍሪድ ጀርባውን አይታ፣ "አርቬ፣ ዛሬ በየትኛው ቁልቁለት ልትወርድ ነው?" አለችው። ከትከሻው እስከ ወገቡ የቀለጠ ሰም መስመር ነበር። እስከ ዛሬ አላናገረኝም ማለት ይቻላል። ቤቱ ሰላም ሆኗል።

ሐሙስ ወጣን። ከዜሮ በታች ዘጠኝ፣ ማታውን የጣለ አዲስ በረዶ። ሜዳው ላይ እንዴት እንደሄድኩ ብታየኝ! ዳገቱ ሲጀምር ግን ያው ሆነ። ለሞቅ ያለ በረዶ የሚሆነውን ሐምራዊውን ሰም ደረብኩበት። ያኔ ደግሞ በረዶው ሥሩ ላይ እየተጋገረ በተረከዝ ጫማ የምሄድ አስመሰለኝ። ፋቅሁት፣ ወደ ሰማያዊው ተመለስኩ፣ እንደገና ወደኋላ። በመጨረሻ ስኪውን አውልቄ በእግሬ ወጣሁ። ላቤ በላቤ ሆኜ ኮፍያና ጃኬቴን አውልቄ ስሄድ ሌሎቹ ጥርሳቸው ይንቀጫቀጫል።

የሚያናድደው ይህ ነው፦ ሞልፍሪድ ያንኑ የኔን የሰም ቆርቆሮ ተውሳ፣ ያንኑ ሰማያዊ ቀብታ፣ በዚያው ዳገት እንደ ፍየል ወጣች። አናቱ ላይ ቆማ እጇን አውለበለበችልኝ!

ጎጆው ስደርስ ርቦኝ የራሴን ስንቅ ጨርሼ የሁለት ሰው ስንቅ ደገምኩ። ስለ ጤናዬ አትስጋ፤ እንደ ፈረስ ነው የምበላው። ደኅና ነኝ።

ፀሐይህ አይጥለቅብህ።

ቦርግኒ


አልፋዝ፣ ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1986

ለኔዋ ቦርግኒ፣

ሰላም ለቤትሽ፣ ለአርቬ ጀርባም። አይቡ ደርሷል፣ አልቋልም። ታችኛው ቤት ያለችው መበለት ዶኛ ኤንካርና ቀምሳ "ይሄ ከረሜላ ነው ወይስ ጭቃ?" አለችኝ። ሁለተኛ አልሰጣትም።

ደብዳቤሽን ሦስቴ አነበብኩት። ያንቺ ሰም፣ ያንቺ በረዶ፣ ያንቺ ዳገት፣ ሞልፍሪድም ወጣች። እንግዲህ ሰሙ ምን አጠፋ? ሰሙ ንጹሕ ነው። ስለዚህ ሰሙን ተይውና ስኪውን እንመርምር።

የስኪ ወገብ ቀና ብሎ እንደሚቆም ታውቂያለሽ። በሁለት እግር ስትቆሚ ወገቡ መሬት አይነካም፣ ሰሙም አይደርስም፤ ለዚህ ነው የምትንሸራተቺው። በአንድ እግር ተጭነሽ ስትገፊ ግን ወገቡ ጎንበስ ይልና ሰሙ በረዶውን ይነክሳል፤ ለዚህ ነው የምትወጪው። ይህ ሁሉ የሚሆነው ስኪው ለሰውየው ክብደት ሲስማማ ነው። ያኔ ሱቅ ውስጥ ያደረግነውን ድገሚው። ሳሎኑ ወለል ላይ ስኪውን ዘርግተሽ በሁለት እግር ቁሚበት። አርቬ ከእግርሽ ሥር ስስ ወረቀት አስገብቶ ይሳበው፤ መውጣት አለበት። ከዚያ በአንድ እግር ቁሚ። አሁን ወረቀቱ መያዝ አለበት፣ ሲሳብ እስኪቀደድ። የሚስበው አርቬ ይሁን፣ አንቺ አይደለሽም።

ወረቀቱ ያደረገውን ጻፊልኝ። የላሞቹን ዜና ለሌላ ጊዜ አቆዪው።

ጠባቂሽ አይተኛ።

ሃልግሪም


ስቴንሞ፣ ማርች 1 ቀን 1986

ለውድ አጎቴ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። እኛ አይከፋም። የሳሎኑ ወለል ጠማማ ስለሆነ ሙከራው እንደሚሆነው አልሆነም፤ ወረቀቱ በሁለት እግርም በአንድ እግርም ወጣ። አርቬ "እንዴ" አለ፣ ከዚያ ደግሞ "እንዴ" አለ። ወለሉ ነው አልኩት።

አንዷ ላም ወልዳለች። ታውቆኛል፣ አቆዪው ብለሃል። በል ደኅና ሁን፣ ሥራ በዝቶብኛል።

ቦርግኒ


አልፋዝ፣ ማርች 9 ቀን 1986

ቦርግኒ፣

ያንን ወለል ከአርቬ አባት ጋር ያነጠፍኩት እኔ ነኝ። በ1958፣ በጉልበቴ ተንበርክኬ፣ ውኃ ልክ ይዤ። ብይ ብታስቀምጪበት ወዴት እንደምትሄድ ግራ ገብቷት እዚያው ታረጃለች። ወለሉን አትሳደቢብኝ።

ሰሙ አላጠፋም። በረዶው አላጠፋም። ስኪም በአራት ዓመት ውስጥ አይጠነክርም፤ ቢለወጥ እንኳ ይላላል እንጂ። ይህን ሁሉ ካወጣን የቀረው በላዩ ላይ የምትቆመው ሴት ናት። ያንን ስኪ ስመርጥልሽ ስድሳ ስምንት ኪሎ ነበርሽ፤ ሻጩ ሲጠይቅሽ "አንተ ስንት ነህ?" ብለሽ አሳፍረሽው ነበር። አሁን ስንት ነሽ?

አትቆጪ። አንቺ የምትጽፊልኝ ስለ ሰም ነው፤ እኔ ከሥሩ ሌላ ነገር እያነበብኩ መተኛት አቃተኝ። ጽሑፍሽ ድሮ እንደ ተሰፋ ልብስ ቀጥ ያለ ነበር፣ አሁን ይንቀጠቀጣል። ጉንቮር በአምሳ ዘጠኝ ዓመቷ እንዴት እንደሄደች ሁለታችንም አይተናል። አንቺም የምትፈሪውን አውቃለሁ፤ ስለምትፈሪውም ነው ስኪውን የምትከሺው። እኔም እፈራለሁ። ይኸው ተናገርኩት።

ግን አንድ ነገር ልበልሽ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ሆኖም እናትሽ ሳህኗን ሳትነካ ነበር የምትመልሰው። አንቺ የሰው ስንቅ ትጨርሻለሽ። እሷ ምድጃ ሥር ሆና ይበርዳት ነበር፤ አንቺ በረዶ ላይ ጃኬት ታወልቂያለሽ። ይህ ያው በሽታ አይመስለኝም። ይህን ግን እኔ ሳልሆን ሐኪም ነው ሊነግርሽ የሚገባው። ሂጂ፣ እባክሽ ሂጂ።

ሃልግሪም


አልፋዝ፣ ማርች 24 ቀን 1986

ለኔዋ ቦርግኒ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። መልስ አልመጣም። ፖስተኛው በሩቅ ሲያየኝ ራሱን መነቅነቅ ጀምሯል። ተቆጥተሽ ከሆነ ተቆጥቻለሁ ብለሽ ጻፊ፤ ስድብም ቢሆን ከዝምታ ይሻለኛል። እሁድ ፋሲካ ነው፤ የሸለቆው ሰው ሁሉ ብርቱካኑን በቦርሳ ይዞ ተራራ ይወጣል። እኔ እዚህ ብርቱካን ሞልቶኝ አንድ እንኳ አልወረደልኝም።

አንድ መስመር ብቻ።

ሃልግሪም


ስቴንሞ፣ ኤፕሪል 3 ቀን 1986

ከሰላምታው በፊት፦ የእናቴ በሽታ አይደለም።

አሁን ቁጭ በልና ቀሪውን አንብብ። ውድ አጎቴ፣ የሰማይ አምላክ ይስጥህ፣ ዓይንህን ያቆይልህ፣ ዝም ስላልኩህም ይቅር በለኝ።

የማርች ዘጠኙ ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ተናደድኩ። "ይሄ ሽማግሌ ከስፔን ሆኖ ሚዛን ላይ ሊያወጣኝ!" ብዬ ደብዳቤውን ዳቦ ማስቀመጫው ጀርባ ከተትኩት። ዳቦ በቆረጥኩ ቁጥር ጫፉ ይታየኛል። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ነው ዳቦ የምቆርጠው። ከኖቬምበር ጀምሮ አውቀው ነበር፤ ቀሚሴን ሁለት ጊዜ አጠበብኩ፣ ቀለበቴ እቃ ሳጥብ ወልቆ ወደቀ። በሰሙ ማሳበብ ቀለለኝ። ሰም ይፋቃል፣ ይቀየራል፤ ሌላውን እንዴት ብዬ ልፋቀው?

አርቬ ነው ያወጣው። አንድ ጠዋት ዳቦ ፈልጎ ገባና ደብዳቤውን ይዞ ወጣ። ከፊቴ ተቀምጦ እስከ መጨረሻው አነበበው። የሚጮህ መስሎኝ ነበር። "ድንች ሚዛኑ ጎተራ ነው ያለው" አለ ብቻ። አብረን ሄድን። አምሳ ስድስት ኪሎ። አርቬ የሚዛኑን ብረት እያየ "ይሄም ጠማማ ነው?" አለኝ። አጎቴ፣ ከሠርጋችን ወዲህ እንደዚያ ሲያለቅስ አላየሁትም።

ሐኪሙ አዲስ ነው፣ ወጣት፣ ከሰሜን የመጣ። "ምን ልርዳዎት?" ሲለኝ ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝና "ስኪዬ ወደኋላ ያንሸራትተኛል" አልኩት። የሌላ አገር ሐኪም ቢሆን በሩን ያሳየኝ ነበር። እሱ እስክሪብቶውን አስቀምጦ፣

"ምን ቀብተው?" አለኝ።

"ሰማያዊ።"

"በስንት ዲግሪ?"

"በዘጠኝ፣ አዲስ በረዶ ላይ።"

"ልክ ነው" አለ። "መሠረቱን በካውያ አቅልጠውታል?"

"የባለቤቴን ሸሚዝ ይጠይቁት።"

"ወረቀትስ ሞክረዋል?"

"በአንድ እግርም ይወጣል" አልኩት።

ከላይ እስከ ታች አየኝ። ከዚያ ተነስቶ "እጅዎን ይዘርጉልኝ" አለ፤ ጣቶቼ ይርገበገባሉ። የልቤን ምት አዳመጠ። "ይሞቅዎታል?" አለኝ፤ "ላሞቹ ቤት በሸሚዝ ነው የማልበው" አልኩት። "ምግብስ?" ሲል አርቬ በሩ ላይ ቆሞ ስለነበር "ደብቀን ነው የምንበላው!" ብሎ መለሰልኝ። ሐኪሙ አንገቴን በሁለት ጣቱ ቀስ ብሎ ዳሰሰና "እኔ አንድ ነገር ጠርጥሬአለሁ፣ ግን ደሙ ይናገር" አለ።

ፋሲካ መሐል ስለገባ የደሙ መልስ ዘገየ። ስለዚያ ሳምንት ብዙ አልጽፍልህም። ሁሉም ተራራ ወጡ። ሞልፍሪድ "ነይ፣ እኔ በገመድ እጎትትሻለሁ" ብላ መጥታ ፊቴን ስታይ ስኪዋን አውልቃ ቤት ገባች፣ ከኔም ጋር ዋለች። ስለ ምንም አላወራንም። እሷ እንኳን አልቀለደችም፤ ይሄ ነው ያስፈራኝ። ሁለተኛው ደብዳቤህ የደረሰው ያኔ ነው። ምን ብዬ ልመልስልህ? የማላውቀውን ልጻፍልህ?

ትናንት ስልክ ተደወለ። አንገት ላይ ያለችው የታይሮይድ ዕጢ ናት፤ አብዳ ከልክ በላይ ትሠራለች አለኝ ሐኪሙ። የምበላውን ሁሉ እንደ ማገዶ ታነደዋለች። ሙቀቱ፣ የእጄ መንቀጥቀጥ፣ መክሳቴ፣ ሁሉም የእሷ ሥራ ነው። መድኃኒት አለው፣ በየቀኑ የምትዋጥ ክኒን። "ሌላስ የለም?" አልኩት። "የለም" አለ። "እርግጠኛ ነህ?" አልኩት። አንተ ብዬ ነው የጠራሁት፣ ሐኪሙን! "እርግጠኛ ነኝ፤ ባይመጡ ኖሮ ግን ልብዎን ትጎዳው ነበር" አለኝ። "ለመሆኑ ማን ላከዎት?" ሲለኝ "ስፔን ያለ ሰም ቀቢ" አልኩት። እንዴት እንደሳቀ!

ስልኩን ዘግቼ ኩሽናው ወለል ላይ ተቀመጥኩ። ቀለለኝ፣ አጎቴ። ጭንቅላቴ ላይ የነበረ ጣራ የተነሳልኝ መሰለኝ። አርቬ ወጥቶ እንጨት ይፈልጥ ጀመር፤ የተፈለጠውን እንደገና። ሞልፍሪድ ስትሰማ መጀመሪያ አቀፈችኝ፣ ቀጥላ "እኔ እኮ ሰም መቀባት የማትችዪ መስሎኝ ነበር" አለችኝ። ተመስገን፣ ተመልሳለች።

ቦርግኒ


አልፋዝ፣ ኤፕሪል 12 ቀን 1986

ለኔዋ ቦርግኒ፣

ላቆየሽ አምላክ ምስጋና ይድረሰው። ለአርቬ፣ ለዚያ ለወጣቱ ሐኪም፣ ለሞልፍሪድም ምላስ ሰላምታዬን ንገሪልኝ።

ፖስተኛው ደብዳቤሽን በሩቅ ከፍ አድርጎ እያሳየኝ መጣ። ቤት እስክገባ አልጠበቅሁም፤ ደረጃው ላይ ቆሜ ቀደድኩት። የመጀመሪያዋን መስመር አነበብኩና እንዳልሽው ቁጭ አልኩ። ቀሪውን ሳነብ አንዴ ሳቅሁ፣ አንዴ አለቀስኩ፣ ሸሚዙና ሚዛኑ ጋ ስደርስ ሁለቱንም አንድ ላይ።

ዶኛ ኤንካርና ከታች መጥረጊያዋን ይዛ ወጣች። አንድ ሽማግሌ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ወረቀት ይዞ ሲያለቅስ አይታ መጥረጊያውን ጣለችና አማተበች። "ማን ሞተብህ?" አለችኝ።

"ማንም" አልኳት።

"ታዲያ ምን ሆነህ ነው?"

የኔ ስፔንኛ ዳቦ መግዣ ያህል ነው። ዕጢውን፣ ሰሙን፣ ወረቀቱን፣ ይህን ሁሉ በየት በኩል ልንገራት? ያሉኝን ቃላት ፈልጌ ፈልጌ፣

"የወንድሜ ልጅ" አልኳት፣ "ልትወፍር ነው።"

ከዚያ አጠገቤ ደረጃው ላይ ተቀመጠች፣ ራሴን ይዛ ወደ ደረቷ አስጠጋችኝና፣ ቃሉ ሁሉ እንደገባት ሁሉ፣ አብራኝ አለቀሰች።

ሃልግሪም